ፀሐይ አይተው የማያውቁ ዓሦች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከሀዋሳ

ባለፈው እትም ስለ ሐይቃችን ዓሦች ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤ በላይ በላዩ ደርሶኛል። አብዛኛው ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላል፤ ከመሬት በታች ባለ ውሃ ውስጥ ስለሚኖረው ዓይን አልባ ዓሣ። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ገጽ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ባዮሎጂ ሳስተምር ደወል ተደውሎ እንኳ ተማሪ ከወንበሩ የማይነሳበት ርዕስ ይህ ነበር።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ አሞራ ገደል ዓሣ እየገፈፍኩ ፊሌቶ እሸጣለሁ። ልጄ ሶማሊያ ውስጥ ከመሬት በታች ዓይን የሌለው ዓሣ አለ ብሎ ድርቅ አለብኝ። ከሐይቃችን ዓሣ በእጄ ያላለፈ የለም፤ ዓይን የሌለው ግን አይቼ አላውቅም። ታሞ ይሆናል እንጂ ፈጣሪ ዓሣን ያለ ዓይን አይፈጥርም አልኩት። ማናችን ነን ልክ? ካላየስ ምን አግኝቶ ይበላል? (ከአሞራ ገደል)

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ነገር ልጅሽ ልክ ነው። የመጨረሻው ጥያቄሽ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ካላየ ምን አግኝቶ ይበላል? ስንት ተመራማሪ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ሶማሊያ ውስጥ አንድ ብቻ ሳይሆን ሦስት ዓይነት ዓይን አልባ ዓሦች ይታወቃሉ። ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቋቸው የጣሊያን ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1923፣ በ1924 እና በ1926። የሚገኙትም በጉድጓዶችና መሬቱ ተደርምሶ ውሃው ብቅ ባለባቸው ቦታዎች ነው።

ከሦስቱ አንዱን ብታገኚው ወዲያው የምትለዪው ይመስለኛል። የአምባዛ ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዌጊትግላኒስ ይባላል፤ የሚኖረው በጁባና በሸበሌ ወንዞች አካባቢ ነው። ሁለቱም ወንዞች ውሃቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከእኛ ደጋ ነው። ነገ አምባዛ እጅሽ ሲገባ ፊቱን ልብ ብለሽ እዪው። ዓይኑ ለዚያ ትልቅ ጭንቅላት በጣም ትንሽ ነው። በአፉ ዙሪያ ግን ስምንት ረጃጅም ጢሞች አሉት። አምባዛ ሌሊት የሚያድን፣ በደፈረሰ ውሃ የሚኖር ዓሣ ነው። ከዓይኑ ይልቅ በጢሙ ይተማመናል። እንዲህ ካለ ቤተሰብ አንዱ ወደ ምድር ሆድ ገብቶ ዓይኑን ጨርሶ ቢተው ያን ያህል አይገርምም።

ሁለተኛው ፍሪያቲክቲስ አንድሩዚ የሚባለው ነው። በማዕከላዊ ሶማሊያ፣ ከበረሃው ሥር ይኖራል። ዓይን የለውም። ቅርፊትም የለውም። ቀለምም የለውም፤ ደሙ በቆዳው ውስጥ ስለሚታይ ብቻ ወደ ሮዝ ያደላል። ከላይኛው ዓለም ከተለየ በግምት ከ1.4 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል ተብሎ ይታመናል።

በሽታ አለመሆኑን የምናውቀው ሁሉም እንዲህ በመሆናቸው ነው። እናትም፣ አባትም፣ ልጅም። በቤተ ሙከራ የተፈለፈሉትም እንደዚያው ናቸው። የሚገርመው፣ ጽንሱ መጀመሪያ ላይ ዓይን መሥራት ይጀምራል። ከዚያ ሥራው ይቋረጥና የተጀመረው ይፈርሳል። የፈጣሪን ሥራ በተመለከተ ሃይማኖትሽን የሚነካ ነገር አልናገርም። እኔ ግን ስለዚህ ዓሣ ባነበብኩ ቁጥር አድናቆቴ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አሁን ወደ ምግቡ። ብርሃን በሌለበት ተክል የለም። ስለዚህ ከታች ያለው ፍጥረት አብዛኛው የሚኖረው ከላይ በሚወርድለት ነው። ጎርፍ ያመጣው የበሰበሰ ቅጠል፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ነፍሳት፣ እነዚህን የሚበሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት። ዝናብ ከዘገየ ረሃብ ነው። ለዚህም ተዘጋጅተዋል። ሜክሲኮ ውስጥ በዋሻ የሚኖሩ ሌሎች ዓይን አልባ ዓሦች ምግብ ሲገኝ አብዝተው ይበላሉ፣ ስብ ያከማቻሉ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይቀምሱ ይቆያሉ። በእኛ ላይ ቢሆን የስኳር በሽታ የሚያሰኘው የደም ስኳር መዋዠቅ በእነሱ ላይ ጉዳት ሲያደርስ አይታይም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታተም የስኳር ሐኪሞች ሳይቀሩ ጆሯቸውን አቁመዋል።

ምግቡን የሚያገኙት በመቅመስ፣ በማሽተትና ከሁሉ በላይ የውሃን እንቅስቃሴ በመስማት ነው። ይህን ስሜት ለማየት ሩቅ መሄድ የለብሽም። ቆሮሶውን ከመግፈፍሽ በፊት ጎኑን ተመልከቺ። ከጉሮሮው አካባቢ ተነስቶ ወደ ጅራቱ የሚሄድ ቀጭን የነጠብጣብ መስመር አለ። ቆሮሶ ላይ መስመሩ መሐል ላይ ይቋረጥና ዝቅ ብሎ እንደገና ይቀጥላል። በዚያ መስመር ዓሣው አጠገቡ ያለውን ውሃ ትንሿን ንቅናቄ ያውቃል። የመረቡን ገመድ በእጁ የያዘ ዓሣ አስጋሪ፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ሳያይ ዓሣ መግባቱን እንደሚያውቀው ማለት ነው። የዋሻ ዓሦች ይህ ስሜታቸው እጅግ የበረታ ነው። በተለይ በጭንቅላታቸው ላይ የስሜት ነጥቦቹ ከወንዝ ዘመዶቻቸው ይበልጥ ብዙና ትልልቅ ናቸው። ሲዋኙ የሚገፉት ውሃ ድንጋይ ነክቶ ሲለወጥ ድንጋዩ የት እንዳለ ያውቃሉ።

ለልጅሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። ያ ፍሪያቲክቲስ ያልኩሽ የሶማሊያው ዓሣ ቀንና ሌሊትን አያውቅም፤ ሰዓት ግን አለው። የጣሊያኑ ፌራራና የጀርመኑ ካርልስሩኸ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ነው። መብራት በየተራ ቢያበሩለትና ቢያጠፉለት ዓሣው ከቁብም አልቆጠረው። ምግብ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሲሰጡት ግን ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት መንቀሳቀስ ጀመረ። ማለትም የውስጥ ሰዓቱ ለምግብ እንጂ ለብርሃን አይታዘዝም። ከዚያ ሴሎቹን ለይተው ሲያጠኑ ሰዓቱ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ24 ሳይሆን በ47 ሰዓት ገደማ ሆኖ አገኙት። የእኛ ሁለት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ፀሐይ የማታርመው ሰዓት ምን እንደሚሆን እንዲህ አጥርቶ ያሳየን ሌላ ፍጥረት እኔ አላነበብኩም።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ "ዋሻ ውስጥ ዓይኑን ስላልተጠቀመበት ጠፋ" ትላለች። እንደዛ ከሆነ ወደ ብርሃን አውጥተን ብናሳድገው ዓይን ያወጣል ማለት ነው? (ከአቶቴ)

መልስ፦ ልጄ፣ አያወጣም። ግን ጓደኛሽን እንዳትስቂባት። ቻርልስ ዳርዊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1859 እንደ እሷ ነበር የጻፈው። በጨለማ ውስጥ ዓይን ባይጠቅምም ይጎዳል ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ ስለዚህ የጠፋው ፈጽሞ ባለመጠቀም ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ነገር ታውቋል።

አንዲት እናት ዕድሜዋን ሙሉ ዓይኗን ብትጨፍን ልጇ ዓይነ ስውር ሆኖ አይወለድም። ወላጅ ያልተጠቀመበት ነገር ለልጅ ሲቀነስ አይወርድም። የሚወርደው ጂን ነው። ጂን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ይሳሳታል፤ ይህን ነው ሚውቴሽን የምንለው። እዚህ ሐይቃችን ውስጥ ዓይኑ የተበላሸ የቆሮሶ ጫጩት ቢፈለፈል ብዙ አይቆይም። ወይ ወፍ ይለቅመዋል ወይ አምባዛ። ስህተቱ ከእሱ ጋር ይቀራል። ጨለማ ውስጥ ግን ያው ስህተት ማንንም አያስበላም። ስለዚህ ይወረሳል፣ በላዩ ላይ ሌላ ይደረባል።

የታሪኩ ግማሽ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ዳርዊን ይከብዳል ያለው ነው። ዓይን ይጎዳል። ጉዳቱ ወጪው ነው። የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በሜክሲኮው ዓሣ ላይ ለክተውታል። 1 ግራም የምትመዝን ትንሽ ዓሣ አርፋ እያለች ከምታቃጥለው ኃይል እስከ 15 በመቶው ለዓይንና ለማየት ለሚሠራው የአንጎል ክፍል ይሄዳል። ስታድግ ድርሻው ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ምግብ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚመጣበት ቦታ 15 በመቶ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። ዓይን የሌለው ዓሣ እዚያ የተሻለ ይተርፋል።

የሜክሲኮው ዓሣ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ተመራማሪዎች የሚወዱት ዓይን ያለው ወንድሙ ዛሬም ወንዝ ውስጥ ስላለ ነው፤ ሁለቱ ተዳቅለው መውለድ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከወንዙ ዓሣ ጽንስ የዓይን ሌንስ ወስደው በዋሻው ዓሣ ጽንስ በአንድ በኩል ብቻ ተከሉ። በዚያ በኩል ዓይን አደገ። በሌላው በኩል እንደተለመደው ጠፋ። አንድ ፊት፣ ግማሹ ዓይን ያለው፣ ግማሹ የሌለው! ክፍል ውስጥ ይህን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስሥል የሚፈጠረውን ዝምታ እወደው ነበር። ትርጉሙም ትልቅ ነው። ዓይን የሚሠራው መሣሪያ በአብዛኛው አሁንም እዚያው አለ፤ ሌንሱ ራሱን ስለሚያጠፋ ነው ሥራው የሚቆመው።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ቦሮውስኪ ከተለያዩ ዋሻዎች የመጡ ዓይነ ስውር ዓሦችን አዳቀለ። ከሁለት ዓይነ ስውር ወላጆች ከተወለዱት አንዳንዶቹ ማየት ቻሉ። ለምን? እያንዳንዱ ዋሻ ዓይኑን ያጣው በየራሱ መንገድ ስለሆነ ነው። የአንዱ የተበላሸ ጂን በሌላው ላይ ደህና ነበር፤ ተሟሉ። አየሽ፣ ዓይን የጠፋው አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ነው።

ጊዜውስ? የሶማሊያው ሚሊዮን ዓመታት ፈጅቷል። ጀርመን ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ጠላቂ ዋናተኛ ከዳኑብ ወንዝ ጋር በተያያዘ ዋሻ ያገኘው ዓሣ ከ20,000 ዓመት በላይ እዚያ አልኖረም፤ ከዚያ በፊት አካባቢው በበረዶ ዘመን ውስጥ ነበርና። ዓይኑ ገና አልጠፋም፤ አንሷል። ቀለሙ ገርጥቷል። መንገድ ላይ ያለ ዓሣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ይብቃኝ። አብዛኛው ፍጥረት የፀሐይ ጨረር የጎዳውን ዲኤንኤ በብርሃን ኃይል የሚጠግንበት ዘዴ አለው። የሶማሊያው ዓሣ ይህም እንደጠፋበት እ.ኤ.አ. በ2018 ታውቋል። እኛ ሰዎችና ሌሎች በእንግዴ ልጅ የምንወለድ አጥቢዎችም ይህ ዘዴ የለንም። የቀድሞ ዘመዶቻችን፣ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን፣ ለረጅም ጊዜ በጨለማ የሚንቀሳቀሱ ስለነበሩ ይሆናል የሚል ሐሳብ አለ። ለዩኒቨርሲቲ ስትደርሺ ይህን ጥያቄ ይዘሽ ግቢ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ አኳሪየም አለኝ። ዓይነ ስውር ዓሣ ማሳደግ ይቻላል? ነውርስ የለውም? (ከፒያሳ)

መልስ፦ የሜክሲኮው ዓሣ በአኳሪየም ነጋዴዎች እጅ በብዛት እየተራባ የሚሸጥ ስለሆነ እሱን ማሳደግ ዋሻውን አይጎዳም። የኮንጎው ግን ሌላ ነው። ምባንዛ ንጉንጉ አካባቢ ባሉ ጥቂት ዋሻዎች ብቻ የሚኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1921 የታወቀ ዓሣ ነው። ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ማንም "ከአፍሪካ ዋሻ የመጣ" ብሎ ቢያቀርብልህ አትግዛ። ስንቱ እንዲህ ብርቅ እንደሆነ ለማወቅ አላባማ ውስጥ ያለውን ተመልከት፤ በመላው ዓለም የሚኖረው በአንድ ዋሻ፣ ኪይ ኬቭ በሚባለው ብቻ ሲሆን ቁጥሩ ከ100 በታች እንደሚሆን ይገመታል።

አደራ የምልህ አንድ ነገር አለ። ዓሣው ሲሰለችህ ሐይቁ ውስጥ እንዳትለቀው። ዓይን ኖረውም አልኖረውም። የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የምኖረው አዳማ ነው። የጉድጓድ ቁፋሮ ማሽን ላይ እሠራለሁ፤ ሥራ ባለበት እንሄዳለን፣ ባሌም ሶማሌ ክልልም። ከጥልቅ ጉድጓድ ዓሣ ሊወጣ ይችላል? ከወጣስ ውሃው ንጹህ ነው ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳይ ልቤ ዘለለ። የዚህን ዓሣ ታሪክ ሊለውጥ የሚችለው ከዩኒቨርሲቲ ሰው ይልቅ እንደ አንተ ያለ ሰው ነው።

አዎ፣ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ አካባቢ ሁለት ዓይነት ዓይን አልባ የአምባዛ ዓይነት ዓሦች የታወቁት በውሃ ጉድጓድ በኩል ነው። ውሃው በራሱ ግፊት ሲወጣ ይዟቸው ወጣ። ጥልቀቱ ከ300 ሜትር በላይ ነበር። ሰው በአካል ደርሶ በማያውቅበት ጥልቀት ዓሣ ይኖራል ማለት ነው።

ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። ዓሣ የሚዋኝበት ክፍተት ያስፈልገዋል። ይህን የሚሰጠው በዋነኛነት የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ትንሽ ይኮመጥጣል፤ ድንጋዩን በረጅም ዘመን እያሟሟ መተላለፊያ ይሠራል። ባሌ ያለው ሶፍ ዑመር እንዲህ የተሠራ ነው፤ የወይብ ወንዝ የቦረቦረው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ። የባሌ ቆላ፣ ሐረርጌና ሶማሌ ክልል ሰፊ የኖራ ድንጋይ አላቸው። አዳማና ሀዋሳ ግን ያሉት በስምጥ ሸለቆ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ ዓይንህን የምትከፍተው እዚህ ሳይሆን ምሥራቅ ስትሄድ ነው። ኬዚንግና ስክሪን (የጉድጓዱ መከለያ ቧንቧና ማጣሪያው) ከገባ በኋላ ደግሞ ዓሣ አያልፍም። የሚታየው ቁፋሮው ላይ ሳለህ፣ ወይም በእጅ በተቆፈረ አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ስለ ንጽሕናው፣ ዓሣ ወጣ ማለት ውሃው ለመጠጥ ደህና ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም የኖራ ድንጋይ ውሃ በሰፊ ቀዳዳ ስለሚሄድ እንደ አሸዋ አያጣራም። ላይ የተደፋው ሳይጣራ ታች ይደርሳል። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ፍሎራይድ። ወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ለምን ቡናማ እንደሚሆን ታውቃለህ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም፤ ውሃው ሲተን ጭራሽ ይበዛል። መመርመር ብቻ ነው መፍትሔው።

በሰፈሬ አንድ ጋራዥ አለ። የተቃጠለ ዘይት ከጓሮው ጉድጓድ ውስጥ ሲደፋ አይቼ ተናግሬያለሁ፤ "መሬት ይውጠዋል" አሉኝ። መሬት አይውጥም። ከሥር ውሃ አለ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከውሃው ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ ፍጥረት አለ። እንዲህ ያለ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ጥቂት የሚወልድ ነው። አንድ ጊዜ ከተመረዘ የሚተካው አይመጣም። ከመጠን በላይ በፓምፕ መሳብም ያው ነው፤ ውሃው ሲወርድ መኖሪያው ይደርቃል።

ስለዚህ ልለምንህ። ከጉድጓድ ነጭ ወይም ሮዝ ዓሣ፣ ወይም ዓይን የሌላት ሽሪምፕ መሳይ ነገር ከወጣ አትጣለው። በስልክህ ከጎንና ከላይ ፎቶ አንሳው፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጥ። በሕይወት ካለ በራሱ በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ፣ በጨለማ አቆየው፤ በቧንቧ ውሃ አትቀይርበት። ከሞተ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ውስጥ ክተተው እንጂ ፎርማሊን አትጠቀም፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል። ቦታውን በስልክህ ጂፒኤስ መዝግብ። ስንት ሜትር ላይ እንደነበራችሁ፣ ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነና ቀኑን ጻፍ። ከዚያ በአቅራቢያህ ካለ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል አድርስ፤ ሀዋሳም ቢሆን ይቀበሉሃል። ለማሽኑ ባልደረቦችህም ይህን ገጽ አሳያቸው።